ሦስት ቀን ከዶንግሏ ጋር

ጋሽ ቢያድግልኝ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ፣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ ሸኛቸው። ጋቢ ለብሶ ፀሐይ መሞቅ ግን አልሆነላቸውም። ወር ሳይሞላቸው ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩና «ቢያድግልኝ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉባት። ከተማዋ ከጉና ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አቤቱታው፣ የኪራይ ውሉ፣ የሰበካ ጉባኤው ማሳሰቢያ፣ የሠርግ ጥሪው፣ ሁሉም የሚወጣው ከእሳቸው ጣት ነው።

ጋሽ ቢያድግልኝ ነገር ሲበላሽ አይወዱም፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው ደግሞ የቀን ስሕተት ነው። በሥራ ዘመናቸው፣ ማመልከቻው ላይ የሰፈረው ቀን ስለተሳሳተ ብቻ ሁለት ክረምት ሲመላለስ የኖረ ገበሬ አይተዋል። «ደብዳቤ ማለት ቀኑ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው» ይላሉ። ታዲያ ኮምፒውተር የገዙ ጊዜ አንድ ነገር አበገናቸው። ማሽኑ ቁልፍ ሲነኩት የዕለቱን ቀን ከደብዳቤው አናት ላይ ራሱ ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠው ግን የፈረንጅ ቀን ነው። እሳቸው ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። የዚህን አገር መብራት እየበላ ስለ ምን በሰው አገር ቀን ይጽፋል?

አንድ ዓመት፣ መስከረም አንድ ቀን፣ ልጃገረዶቹ እንግጫ ይዘው ሲዞሩ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ ክፍላቸውን ከፍተው ገቡና የኮምፒውተሩን ቀን፣ ወርና ዓመት ወደ እኛው መለሱት። ሰዓቱንም እንደዚያው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ይላል እንጂ ዘጠኝ አይልም። ነገሩ ጣጣ አላጣውም። ማሽኑ በልቡ ፈረንጅ ስለሆነ ሁለተኛውን ወር በሃያ ስምንት ይቋጨዋል፤ ስለዚህ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳን ጋሽ ቢያድግልኝ በእጃቸው ይጽፋሉ። ሌላውን ወር ሠላሳ አንድ ሊያደርግባቸው ሲል ደግሞ በማለዳ ገብተው ወደ አንድ ይመልሱታል። ጳጉሜን የሚባል ወር ጭራሽ አያውቅም። በጳጉሜን እሱም ያርፋል፣ እሳቸውም ጠበል ይጠመቃሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ከዚያች ክፍል የቀን ስሕተት ያለበት ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።

ሕይወት የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። በአራት ዓመቷ መጥታ እሳቸው ቤት አደገች። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ልጅ ስላልወለዱ፣ ያላቸው ሁሉ እሷ ናት ቢባል ግነት የለውም። ነርስነት ተምራ ተመርቃ መጣች። ዲግሪ ብቻውን ግን መርፌ አያስይዝም፤ የሙያ ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ባለፈው ዙር ዲግሪዋ ዘግይቶ በመድረሱ ምዝገባው አመለጣት። አሁን ግን ሥራ የሚሰጣት ክሊኒክ ተገኝቷል። የክሊኒኩ ባለቤት «ለዚህ ዙር ከተመዘገብሽ ቦታሽን እጠብቃለሁ፤ ካልተመዘገብሽ ግን ለሌላ መስጠቴ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ዲግሪው፣ ፎቶው፣ መታወቂያው፣ ሁሉም በስካነር ተነሥቶ ይላካል። የሚዘጋው ረቡዕ ግንቦት 13፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።

በደኅናው ጊዜ ቢሆን ሚኒባስ ተሳፍሮ ደብረ ታቦር ወርዶ መጨረስ ነበር። መንገዱ ግን ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነው። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅ ሰውም ቀርቷል። የእጅ ስልክ ኢንተርኔት እንደሆነ፣ ከተማዋ ጎድጓዳ ላይ ስለተቀመጠች፣ ክብ እየሠራ ሲዞር ይውላል እንጂ ገጽ አይከፍትም። የቀረችው ተስፋ ዶንግሏ ነበረች።

ዶንግል የሚሏት ፍላሽ የምታህል፣ ሲም ካርድ የምትጎርስ፣ ኮምፒውተር ላይ ሰክተዋት ኢንተርኔት የምታመጣ ዕቃ ናት። ያዋሳቸው የሁለተኛ ደረጃው የኮምፒውተር መምህር ታምራት ነው። ታምራት የወላይታ ልጅ ነው፤ ለአገሩ እንግዳ ሆኖ የመጣ ጊዜ የቤት ኪራይ ውሉን የጻፉለት ጋሽ ቢያድግልኝ ስለነበሩ ወዳጅነታቸው ከዚያ ይጀምራል። ዶንግሏን ከነካርቶኗ፣ ከነሽቦ አንቴናዋ፣ ከአንድ ፍላሽ ጋር ሰጣቸው። አንቴናውን በባሕር ዛፍ አጣና ላይ አስረው ጣሪያው ላይ አቆሙት። ታምራት ራሱ ግን ለስብሰባ ደብረ ታቦር እንደወረደ መንገዱ እዚያው አስቀርቶታል። የሚገኘው በስልክ ነው፤ ድምፅ እንኳ ደኅና ይሠራል።

ሰኞ ጠዋት ሕይወት ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

«ጋሼ፣ በእግሬ ብወርድስ? በጋፋት በኩል ባቋርጥ ቢበዛ ሰባት ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ።»

«በዚህ ጊዜ? ብቻሽን?» አሏት። «ምን ቆርጦሽ! ዕቃው ይኸው እጃችን ላይ ነው። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይገናኛል። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

እሳቸው «እኔ ነኝ ያልኩሽ» ካሉ በቤቱ ሕግ ነው። ሕይወት ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ሰቨን የሚሉት ነበር። ዶንግሏን ሲሰኳት ሲዲ የገባ ይመስል አንዲት ሥዕል ብቅ አለች። ታምራት በስልክ፣ «እሷን ይክፈቱ ጋሽ ቢያድግልኝ፤ ድራይቨሩ ውስጧ ነው። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩና ዶንግሏ የሚግባቡበት አስተርጓሚ ማለት ነው» አላቸው። ከፈቱ። አረንጓዴው መስመር ሞላ፣ ሞላ፣ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቀይ ምልክት ወጣና ቀጥ አለ። ከሥሩ ረጅም እንግሊዝኛ ተጽፏል። ጋሽ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡለት። ስለ ሰርተፊኬት ያወራል፣ ስለሚጸናበት ጊዜ ያወራል፣ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር አይገጥምም ይላል።

«የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ልክ ነው?» አለ ታምራት።

ጋሽ ቢያድግልኝ ከስክሪኑ ጥግ አዩ፤ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አዩ። ሦስቱም ተስማሙ።

«ልክ ነው» አሉ፤ ትንሽም ቅር አላቸው። «ደቂቃ አልተዛነፈም። ደግሞ እኔ ቤት ቀን ይሳሳታል?»

«እንግዲያውስ ሰቨኑ አርጅቶ ነው» አለ ታምራት። «የተውኩልዎት ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ቴን አለ፤ እሱን መጫን ነው።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ታምራት ነገሩን ከሥሩ ነበር የጠየቀው። የተመለሰለትም መልስ እውነት ነበር፤ ግንቦት 11 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ከዚህ በላይ ምን ይጠይቅ?

ማክሰኞ ዊንዶውስ ቴን ሲጫን ዋለ። በመካከሉ መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት ቆየ፤ ሲመለስ ከዜሮ ተጀመረ። ጋሽ ቢያድግልኝ የዓመታት ደብዳቤያቸውን በሌላ ፍላሽ አውጥተው አስቀምጠው ነበርና እሱስ አላሳሰባቸውም። ያሳሰበቻቸው ሕይወት ናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፌስታሉን በጉልበቷ ይዛ፣ የሚሞላውን ቁጥር ታያለች። ሰማንያ ሲል ፊቷ ይፈካል፣ እዚያው ሰማንያ ላይ ሲቆም ይጠቁራል። «ሻይ ጠጪ» ይሏታል። «ጠጥቻለሁ ጋሼ» ትላለች፤ አልጠጣችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጭኖ አለቀ። ጋሽ ቢያድግልኝ መጀመሪያ ያደረጉት፣ ሁልጊዜም የሚያደርጉትን ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ሰዓቱን አዛብቶት አገኙና ቀኑንም ሰዓቱንም ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳክረው አስተካከሉ። ከዚያ አማተቡና ዶንግሏን ሰኳት።

አላወቃትም። ቢጫ ምልክት አድርጎ «የማይታወቅ ዕቃ» አላት። ድራይቨሩን ሊጭኑ ሲሉ ያው ቀይ ምልክት፣ ያው እንግሊዝኛ መጣ። ከፊት ካለው ቀዳዳ ነቅለው ከኋላ ሰኩ። ከኋላ ነቅለው ከፊት ሰኩ። ሲሙን አውጥተው በነጠላቸው ጠርገው መለሱ። አጥፍተው አበሩ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንዲሉ ዶንግሏ ጭራሽ ዓይኗን አልገለጠችም። ታምራት ሲያስብ ቆይቶ፣ «ነገ በኡቡንቱ እንሞክራለን። እሱ ሌላ ሥርዓት ነው፣ ከፍላሹ ላይ ነው የሚነሣው፤ ድራይቨርም አይጠይቅዎትም» አለ።

ያን ዕለት ማታ ጋሽ ቢያድግልኝ እራት አልገባላቸውም። እንዲህ ያለ መሸነፍ አያውቁትም። ሰው ሲበድላቸው አቤት የሚሉበትን ያውቃሉ፤ ለማን፣ በስንት ገጽ፣ በምን ቀን እንደሚጻፍ ያውቃሉ። ለዚህች ጣት ለምታህል ዕቃ ግን አቤት የሚባልበት ደጅ አጡ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሕይወት መጣች። ሸራ ጫማዋን ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወይዘሮ ዘነበች የቋጠሩላትን ዳቦና ወረቀቶቿን በጀርባዋ አዝላለች።

«አሁን ብነሣ በስምንት ሰዓት ደብረ ታቦር እገባለሁ» አለች። «መምህር ታምራት እዚያ ይጠብቀኛል። ልሂድ ጋሼ፤ ይመርቁኝ።»

ጋሽ ቢያድግልኝ ኡቡንቱውን አስነሥተው ዶንግሏን እየሰኩ ነበር። ሊመርቋት ቀና ሲሉ በዶንግሏ ራስ ላይ ያለችው መብራት በራች። ቀይ ሆና ሁለቴ ብልጭ አለችና ሰማያዊ ሆና ጸናች። ስክሪኑም «ተገናኝቷል» አለ።

«ቆዪ» አሉ። «ቆዪ፣ ቆዪ ልጄ። ተገናኘ። ይኸው፣ ነይ እዪ።»

ሕይወት አየች። መብራቷ እውነትም ሰማያዊ ናት። ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን አወረደች፤ ከት ብላም ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ጋሽ ቢያድግልኝም ሳቁ። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧትና የምዝገባውን አድራሻ በዝግታ፣ ፊደል እየቆጠሩ ጻፉ።

ገጹ አልተከፈተም። በምትኩ ማስጠንቀቂያ መጣ። ግንኙነቱ የሚያስተማምን አይደለም፣ የኮምፒውተርዎ ሰዓት የተሳሳተ ይመስላል ይላል። «ተመለስ» ከሚለው በቀር የሚጫኑት ቁልፍ የለውም። ጋሽ ቢያድግልኝ ወደ ሰዓቱ ዞሩ፤ እውነትም ሦስት ሰዓት ፈቀቅ ብሏል።

«አገኘሁት!» አሉ። ሰዓቱን መልሰው ከእጅ ሰዓታቸው ጋር አገጣጠሙት። ቀኑን አዩ፤ 13፣ ዘጠነኛ ወር፣ 2017። ልክ ነው። እንደገና ከፈቱ። ያው ማስጠንቀቂያ መጣ። ሌላ ገጽ ሞከሩ፤ ያው። የጋዜጣ ገጽ ሞከሩ፤ ያው ነው።

ለታምራት ደውለው ሰዓቱን አስተካክለውም ገጹ እንዳልተከፈተ ነገሩት። ታምራት፣ «ኡቡንቱው ላይ ከተገናኘ እኮ አለቀ ማለት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሰዉ ሁሉ ገብቶ መስመሩ ተጨናንቆ ይሆናል። አይሰልቹ፣ ደጋግመው ይሞክሩ» አላቸው። ምክሩ ክፉ አልነበረም። እነሱም አልሰለቹም። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። በየመካከሉ ሕይወት ወደ በሩ ታያለች፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊዋ መብራት ታያለች። አራት ተኩል ሲሆን ጫማዋን ቁልቁል አየች። አሁን ቢነሡ እንኳ መድረስ እንደማይቻል ሁለቱም በየልባቸው አስልተውታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እንዴት እንደመሸ ጋሽ ቢያድግልኝ አያስታውሱም። ጣታቸው ቁልፉን ይጫናል፣ ማስጠንቀቂያው ይመጣል፣ ጣታቸው ይጫናል። በልባቸው ለጊዮርጊስ ተሳሉ፣ ለማርያምም ተሳሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሕይወት ተነሥታ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሰች። «ይተዉት ጋሼ፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እግዜር ያላለው ነው» ብላ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወጣች። ቢያንስ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ማሩ የሚባሉ ገበሬ ስለ ወሰን ድንጋይ ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። ሥራ ሥራ ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ ወደ ዊንዶውስ ቴኑ ተመልሰው እየሰሙ ጻፉ፤ ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው የቀኑን ቁልፍ ነኩ። አዲሱ ዊንዶውስ ገና አልተገራምና፣ በቁጥር መጻፉን ትቶ ወሩን በእንግሊዝኛ ስሙ ጻፈው።

አቶ ማሩ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ይኸ ከላይ ያለው ምን ይላል፣ ጌታው?»

«ቀኑ ነው። ሴፕቴምበር 14 ይላል፤ እንግዲህ በፈረንጅ አፍ መስከረም እንደማለት ነው።»

«መስከረም?» አሉ አቶ ማሩ። «አሁን ግንቦት አይደለም እንዴ?»

«ግንቦትማ ነው። እሱ ግን…» ብለው ጀመሩና ጋሽ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ።

እሱ ግን መስከረም ነው ብሎ ያምናል። እሳቸው እየቆጠሩ ዘጠነኛውን ወር በሰጡት ቁጥር፣ እሱ የራሱን ዘጠነኛ ወር ነው የሚቀበለው። 2017ንም የራሱን 2017 ነው የሚቀበለው። የፈረንጁ 2017 ደግሞ ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ እጃቸውን ሰደው የዶንግሏን ካርቶን አነሡ። ከሥሩ የተሠራችበት ዓመት ታትሟል፤ 2021 ይላል። ለካ ማሽኑ አልዋሸም፣ አላበደም፣ አላረጀምም። ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ ቢመጣ እሳቸውስ ምን ይሉት ነበር? ሦስት ቀን ሙሉ፣ በሦስቱም ሥርዓት፣ «ሰዓትህን እይ» ሲላቸው ነበር። እሳቸውም አይተው «ልክ ነው» ሲሉት ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ግንቦት አሥራ አራት ላይ ስምንት ሲደመር ሃያ ሁለት፤ ሜይ 22፣ 2025። ቀኑን በፈረንጅ ሲቀይሩ እጃቸው እንደ ሌባ እጅ ፈራ ተባ አለ። ዶንግሏን ሰኳት። አረንጓዴው መስመር ሞልቶ አለፈ። ሰማያዊዋ መብራት በራች። አድራሻውን ጻፉ፤ ገጹ ዐይናቸው እያየ ፏ ብሎ ተከፈተ። ከላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን አነበቡ። የዚህ ዙር ምዝገባ ተጠናቋል ይላል።

አሁን ነገሩን መደበቅ ይቻላቸው ነበር። አቶ ማሩ ኮምፒውተር አያውቁም፤ ታምራትም ሩቅ ነው። ገጹን ዘግቶ፣ ቀኑን መልሶ፣ «ዕቃው ብልሽት አለበት» ማለት ነው፤ ማን ይደርስባቸዋል? እጃቸው እንኳ ወደ ማውሱ ሄዷል። በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ሕይወት ናት፤ ቁርስ አልበላ ስላሉ ወይዘሮ ዘነበች ቆሎ ልከዋት ነው።

ስክሪኑን አየች። «ተገናኘ እንዴ?»

«ተገናኘ።»

ቀረብ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ምን ሆኖ ነበር?» አለች።

«ቀኑ ነው። እኔ ነኝ በእኛ አቆጣጠር ያደረግኩት፤ ከዱሮ ጀምሮ። ታምራት ሰኞ ዕለት ጠይቆኝ ነበር። ልክ ነው አልኩት።»

ሕይወት ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እሳቸውን ሳይሆን እግሯን እያየች፣ «ትናንት ጫማዬን አስሬ ነበር ጋሼ» አለች።

«አስረሽ ነበር» አሉ።

ሌላ የሚሉት ቃል ፈለጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን በደል በቃል ሲያሳምሩ የኖሩት ሰው አንድም አላገኙም። እሷም አልጠበቀቻቸውም፤ ነጠላዋን ስባ ወጣች።

አቶ ማሩ ጥቂት ከታገሡ በኋላ በትሕትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ቢያድግልኝ ማመልከቻውን ያለ ቀን አተሙትና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አቶ ማሩ ወረቀቱን አጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ መርቀዋቸውም ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ነው ጋሽ ቢያድግልኝ እጃቸው የጻፈው ትዝ ያላቸው። ግንቦት 14 ማለት ሲገባቸው ግንቦት 11 ብለዋል፤ ሰኞ የነበረውን ቀን። ሊጠሯቸው ዘለው በሩ ላይ ወጡ። ሰውየው መታጠፊያውን አልፈው ነበር።